የቃላት ለቃሚው ሳሙኤል ጆንሰን

እንግሊዝኛ የሚማር ወጣት አንዲት ትንሽ ደብተር ከኪሱ አትለየውም። በንባብ ጊዜ ያጋጠመውን፣ ለጆሮ የሚጥመውንና ከብዙ ሰው አፍ የማይሰማውን ቃል ሁሉ እየለቀመ በዚያች ደብተር ያሰፍራል። የእንጅባራ ተማሪ ድርሰት ሲጽፍ፣ የዳንግላም ወጣት ሹም ደብዳቤ ሲያረቅ፣ ከዚያች ደብተር አንድ ረዘም ያለ ቃል መዝዞ ያስገባ እንደ ሆነ የልብ ደስታ ይሰማዋል። የቃል ፍቅር የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ የእንግሊዝኛን ቃላት ለቅሞ በታላቅ መዝገብ ያሰፈረው ሰው በምን ያህል ችግር ውስጥ ሆኖ እንደ ሠራው፣ ይልቁንም የመጀመሪያ መጽሐፉ ስለ አገራችንና ስለ አገው ምድር የሚናገር መሆኑን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ባጭሩ እንተርካለን። በታሪኩ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ ዓ.ም. የሚል ምልክት ካልተጨመረባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሳሙኤል ጆንሰን በሴፕቴምበር 18 ቀን 1709 ሊችፊልድ በምትባል የእንግሊዝ አገር ከተማ ተወለደ። አባቱ ሚካኤል ጆንሰን መጻሕፍት ነጋዴ ነበር፤ ነገር ግን ንግዱ እምብዛም አልቀናውም ነበርና ቤተሰቡ በችግር ይኖር ነበር። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ በአንገት ላይ እጢ የሚያወጣ ብርቱ በሽታ ያዘው። በዚያን ዘመን የንጉሥ እጅ የዳሰሰው በሽተኛ ከዚህ ደዌ ይድናል የሚል እምነት ስለ ነበረ፣ እናቱ በ1712 ወደ ለንደን ይዛው ሄዳ በንግሥት አን እጅ አስዳሰሰችው። በሽታው ግን ፊቱን አጠባሶ፣ የአንዱን ዐይኑን ብርሃን ወስዶ፣ የጆሮውንም መስማት አድክሞ ተወው። ከዚህም ሌላ ሰውነቱ ያለ ፈቃዱ ይወራጭ ስለ ነበር፣ የማያውቀው ሰው ባየው ጊዜ ይደነግጥ ነበር። ሆኖም አእምሮው እጅግ ብሩህ ነበረ፤ ከአባቱ ሱቅ መደርደሪያ መጽሐፍ እያወረደ፣ ባንድ ዐይኑ ብርሃን ሲያነብ ይውል ነበር።

በ1728 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ጫማው ተቀዶ የእግሩ ጣቶች ይታዩ ስለ ነበር፣ አንድ የራራለት ሰው አዲስ ጫማ አምጥቶ በስውር ከበሩ ላይ አኖረለት። ጆንሰን ጫማውን ባየ ጊዜ እንደ ምጽዋት ቈጥሮ በቍጣ ወረወረው። ድኻ ነበር እንጂ ለማኝ አልነበረም። ከዐሥራ ሦስት ወር በኋላ የሚከፍለው ገንዘብ ስላጣ፣ ማዕርግ ሳይቀበል ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በ1731 አባቱ ሞተ፤ ለልጁ የደረሰው ውርስም ሃያ ፓውንድ ብቻ ነበረ።

ከዚህ በኋላ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት በርሚንግሃም ከተማ ደረሰ። እዚያ ሳለ ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር አንድ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ተስማማ። መጽሐፉን መጀመሪያ የጻፈው ጀሮኒሞ ሎቦ የሚባል የፖርቱጋል ኢየሱሳዊ ቄስ ነው። ሎቦ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት በ1625 ወደ አገራችን ገብቶ፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ከማኅበርተኞቹ ጋር እስከ ተባረረበት እስከ 1634 ድረስ ቈይቶ ነበር። ለ ግራን የተባለ ፈረንሳዊም የሎቦን ጽሑፍ በ1728 በቋንቋው አሳትሞት ነበር። ጆንሰን በዚያን ወራት የሐዘን መንፈስ ተጭኖት፣ ከአልጋው መነሣት እስኪያቅተው ድረስ ሰነፈ። አታሚውም ይህ ሥራ ሳያልቅ ሌላ ሥራ ለመጀመር ስላልቻለ ቤተሰቡ ተቸገረ። ኤድመንድ ሄክተር የተባለው ወዳጁ ይህን ባስታወቀው ጊዜ የጆንሰን ልብ ራራ። ከዚያ በኋላ እሱ አልጋው ላይ ተጋድሞ መጽሐፉን እያየ በቃሉ ሲተረጕም፣ ሄክተር እየጻፈ ወደ ማተሚያ ቤት ይወስድ ጀመር። መጽሐፉ በ1735 ታትሞ ወጣ፤ የተርጓሚው ዋጋም አምስት ጊኒ ሆነ።

ለአዊ አንባቢ ይህ መጽሐፍ ልዩ ትርጕም አለው። ከእንጅባራ በስተምሥራቅ ያለው የሰከላ ምድርና የግሽ ዓባይ ምንጭ በውስጡ ይገኛሉና ነው። ዓባይ ከተቀራረቡ ሁለት የምንጭ ዐይኖች እንደሚነሣ፣ ባካባቢው የሚኖሩት የአገው ሰዎችም በተራራው ላይ ላም ሠውተው ራሷን ወደ ምንጩ ይጥሉ እንደ ነበር ተጽፎአል። ሰከላ፣ ጎጃም፣ አገው የሚሉትን ስሞች ይህ ከአገሩ ወጥቶ የማያውቅ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት በራሱ ቋንቋ ፊደል አስቀመጣቸው። በመቅድሙም ላይ ሎቦን ያመሰገነበት ምክንያት የሚደነቅ ነው፤ ይኸውም ደራሲው አንባቢን ለማስገረም ተአምር ሳይፈጥር፣ ያየውን እንዳየ በመጻፉ ነው። የሩቅ አገር ሰውም እንደ ማንኛውም ሰው በጎና ክፉ ጠባይ የተቀላቀለበት እንጂ፣ አውሬም መልአክም አለመሆኑን ጆንሰን ከዚህ መጽሐፍ ተረድቶአል። ለሚታይ ነገር ትክክለኛውን ቃል መፈለግ ደግሞ የዕድሜ ልክ ሥራው ሆነ።

በዚያው በ1735 ኤልሳቤጥ ፖርተር የምትባል፣ በሃያ ዓመት የምትበልጠውን መበለት አገባ። በእሷም ገንዘብ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ነገር ግን የመጡለት ተማሪዎች እጅግ ጥቂት ስለ ነበሩ ትምህርት ቤቱ ብዙ ሳይቈይ ተዘጋ። በ1737 ከተማሪዎቹ አንዱ ከነበረው፣ በኋላም ስመ ጥር ተዋናይ ከሆነው ከዴቪድ ጋሪክ ጋር ወደ ለንደን ሄደ። በለንደን ለመጽሔት እየጻፈ በእጅ ወደ አፍ ኑሮ ብዙ ዓመት አሳለፈ።

በ1746 ጥቂት የለንደን መጻሕፍት ነጋዴዎች ተባብረው የእንግሊዝኛን መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅ በ1,500 ጊኒ ተዋዋሉት። ሥራውን በሦስት ዓመት እንደሚጨርሰው ተስፋ ሰጠ። ዐርባ አባላት ያሉት የፈረንሳይ አካዳሚ በ1694 ያወጣውን መዝገበ ቃላት ለመጨረስ ከሃምሳ ዓመት በላይ የፈጀበት መሆኑ ሲታሰብ፣ ይህ ተስፋ ድፍረት ነበረ። እሱም ቢሆን እስከ ፍጻሜው ድረስ ዘጠኝ ዓመት ያህል ወስዶበታል። ጐፍ አደባባይ በተባለ ስፍራ ቤት ተከራይቶ ስድስት ጸሐፊዎች ቀጠረ። አሠራሩም እንደሚከተለው ነበር። የታላላቅ ደራሲዎችን መጻሕፍት ያነብና፣ ጥሩ ምስክር የሚሆን ዐረፍተ ነገር ባገኘ ጊዜ ቃሉን በእርሳስ ያሰምርበታል፤ በኅዳጉም ላይ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ይጽፋል። ጸሐፊዎቹ ዐረፍተ ነገሩን በቍራጭ ወረቀት ይገለብጡና በፊደል ተራ ያኖሩታል። መጽሐፍ ያዋሱት ወዳጆቹ መጽሐፋቸው ተጨማልቆ ሲመለስላቸው ያዝኑ ነበር ይባላል።

ከጆንሰን በፊት እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አልነበረውም ማለት አይደለም። ሮበርት ካውድሪ የተባለ ሰው በ1604 አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ነገር ግን እሷና ከእሷ በኋላ የወጡት ብዙዎቹ መጻሕፍት የሚለቅሙት ከባድ ከባዱን ቃል ነበር፤ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ፍች አያስፈልገውም ይባል ነበርና። ጆንሰን ግን ሥራውን ገፋ ባደረገው መጠን አስቸጋሪው ቃል ረዥሙ ሳይሆን አጭሩ መሆኑን ተገነዘበ። ረዥሙና ብርቅ የሆነው ቃል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትርጕም ስላለው ባንድ መስመር ያልቃል። ቴክ የሚለውንና መውሰድ ማለት የሆነውን ትንሽ ቃል ለመፍታት ግን 134 ልዩ ልዩ ትርጕም መዘርዘር አስፈለገው። በእኛም ቋንቋ ቢሆን ነገሩ እንደዚሁ ነው። መያዝ የሚለውን ቃል እንመልከት፤ ዕቃ ይያዛል፤ ሌባ ይያዛል፤ ቀጠሮ ይያዛል፤ ቂም ይያዛል፤ ሰውንም ጕንፋን ይይዘዋል። አንድ የውጭ አገር ሰው ይህን ሁሉ ባንድ ቃል መግለጻችንን ሲሰማ ግራ ይገባዋል፤ እኛ ግን ልብ አንለውም።

ይህ ማለት ጆንሰን ብርቅዬ ቃላትን ናቀ ማለት አይደለም። በመዝገቡ ውስጥ ዛሬ ከእንግሊዞች አፍ የጠፉ፣ ለጆሮ የሚያስቁና ለአሳብ የሚመቹ ብዙ ቃላት ይገኛሉ። ስሜልፊስት የሚባለው ድግስ ከተደገሰበት ቤት የማይታጣው ሰው ነው። ማውዝፍሬንድ ወዳጅነቱ በአፉ ብቻ የሆነ ሰው ሲሆን፣ ባክፍሬንድ ደግሞ በስውር ጠላት የሆነ ወዳጅ ነው። ፒክታንክ የሚባለው ሳይላክ የሚሄድ፣ ሳይጠየቅም ለአለቃው ጆሮ ወሬ የሚያቀብል ሰው ነው፤ ወጣት ሹሞች ይህን ቃል ባያውቁትም ሰውዬውን ሳያውቁት አይቀሩም። ፎፕዱድል ሞኝና ከንቱ ሰው፣ ዳንዲፕራትም ቁመቱ ያጠረ ሰው ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ፈን የሚለውንና ጨዋታ ማለት የሆነውን ቃል ጆንሰን የተራ ሰው አነጋገር ነው ብሎ ነቅፎት ነበር። ዛሬ ግን ይህ ቃል ከንጉሥ እስከ ሕፃን በሁሉ አፍ ይገኛል። ጆንሰን ሥራውን ሲጀምር ቋንቋው እንዳይለወጥ ለማጽናት አስቦ ነበር። ሲጨርስ ግን ቋንቋን በመዝገብ አስሮ ማኖር እንደማይቻል በመቅድሙ ላይ በግልጽ አምኖአል።

መዝገቡ የሰው ሥራ ነውና ቀልድም ስሕተትም አለበት። አጃ የሚለውን ቃል ሲፈታ፣ በእንግሊዝ አገር የፈረስ ቀለብ የሆነው እህል በስኮትላንድ የሰው ምግብ መሆኑን በመጥቀስ ስኮትላንዳውያንን ዘልፎአል። ከስድስቱ ጸሐፊዎቹ አምስቱ ስኮትላንዳውያን መሆናቸውን ስናስታውስ፣ በዚያን ቀን በቤቱ ውስጥ ምን እንደ ተባለ መገመት አያዳግትም። ከፈረስ ሰኰና በላይ ያለውን የእግር ክፍል ደግሞ የፈረስ ጉልበት ነው ብሎ ፈታው። አንዲት ወይዘሮ ለምን እንደዚህ እንዳለ በጠየቀችው ጊዜ ምክንያት አልደረደረም፤ ባለማወቁ እንደ ተሳሳተ ወዲያው አመነ። በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚሰበሰቡትን የአገው ፈረሰኞች ያየ ልጅ እንኳ ይህን ስሕተት ባረመው ነበር። ነገር ግን ከ42 ሺህ በላይ ቃላት የፈታ ሊቅ አላወቅሁም ለማለት አለማፈሩ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሥራው ገና ሳያልቅ በ1752 ሚስቱ ኤልሳቤጥ ሞተች። ጆንሰን ሐዘኑን እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳም። በመጀመሪያው ዘመን የሥራውን ዕቅድ ያቀረበለት ሎርድ ቼስተርፊልድ የሚባል መኰንን ነበረ፤ መኰንኑ ግን ዐሥር ፓውንድ ከሰጠው በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ ዘወር ብሎ አላየውም። መዝገቡ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ግን በጋዜጣ ላይ የምስጋና ቃል ጻፈለት። ጆንሰን በፌብሩዋሪ 1755 በጻፈለት ደብዳቤ፣ እርዳታው በችግሩ ቀን አለመድረሱን፣ አሁንም ደስታውን የምትካፈለው ሚስቱ እንደ ሌለች ገልጾ፣ ምስጋናውን በጨዋ ቃል መለሰለት። ደራሲ ከመኰንን ደጅ ቆሞ በማይለምንበት ዘመን ዋዜማ ላይ እንደ ቆመ ምልክት ተደርጎ ይህ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ይነሣል።

መዝገበ ቃላቱ በኤፕሪል 15 ቀን 1755 በሁለት ታላላቅ ጥራዞች ታትሞ ወጣ። ለቃላቱ ምስክር የሚሆኑ ወደ 114 ሺህ የሚጠጉ ጥቅሶችን የያዘ ነበረ። አስከሬን ማለት የሆነውን ሊች የሚለውን ጥንታዊ ቃል በፈታበት ስፍራ የትውልድ ከተማውን የሊችፊልድን ስም አግብቶ፣ በላቲን ቋንቋ እንደ እናት ሰላምታ ሰጥቶአታል። ከድህነት በቀር ምንም ላላወረሰችው ከተማ ይህን ያህል ክብር መስጠቱ የልቡን ደግነት ያሳያል።

ክብር መጣ እንጂ ገንዘብ አልመጣም። የውሉን ገንዘብ ለጸሐፊዎቹና ለኑሮው ጨርሶት ስለ ነበር፣ በ1756 በአምስት ፓውንድ ከዐሥራ ስምንት ሽልንግ ዕዳ ተይዞ ሳሙኤል ሪቻርድሰን የተባለው ደራሲ ገንዘብ ልኮ አስለቀቀው። በጃንዋሪ 1759 እናቱ በሽምግልና ዕድሜዋ ታማ ሞተች። ጆንሰን ለቀብሯ ወጪና ለትንሽ ዕዳዋ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው፣ ባንድ ሳምንት ማታ ማታ ቍጭ ብሎ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። በዚህ በጭንቅ ቀን አሳቡ የተመለሰው በወጣትነቱ ወደ ተረጐመው ወደ ኢትዮጵያ መጽሐፍ ነበረ። የታሪኩ ባለቤት ራሴላስ የተባለ የኢትዮጵያ መስፍን ሲሆን፣ ስሙ በሎቦ መጽሐፍ ውስጥ ከሚነሣው፣ የዐፄ ሱስንዮስ ወንድምና የጎጃም ገዥ ከነበሩት ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም የተወሰደ መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ። መስፍኑ ምንም ነገር ከማይጐድልበት የደስታ ሸለቆ ወጥቶ፣ እውነተኛ ደስታ የሚገኝበትን ኑሮ ፍለጋ እስከ ካይሮ ይጓዛል፤ ከነቀፋ የጸዳ ኑሮ ግን በየትም አያገኝም። ለዚህ ሥራ መቶ ፓውንድ ተከፈለው፤ ሁለተኛ ጊዜ በታተመ ጊዜም ሃያ አምስት ተጨመረለት። ይህንኑ መጽሐፍ በኦክስፎርድ የተማሩት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ አቶ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውት በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ታትሞአል። ከጎጃም የወጣ ስም እንግሊዝ አገር ደርሶ፣ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ በአማርኛ ወደ አገሩ ተመለሰ ማለት ነው።

በ1762 ንጉሡ በዓመት 300 ፓውንድ ጡረታ ቈረጡለት። ችግሩ ግን ጆንሰን በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ጡረታ የሚለውን ቃል፣ አገሩን ለሚክድ ቅጥረኛ የሚሰጥ ደመወዝ እንደ ሆነ አድርጎ ፈትቶት ነበር። ጠላቶቹ በዚህ እጅግ ሣቁበት፤ እሱም ገንዘቡ የተሰጠው ስለ ሠራው እንጂ ወደ ፊት ስለሚሠራው አለመሆኑ ከተረጋገጠለት በኋላ ተቀበለ። ሳይጨርስ የወጣው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲም በ1775 የዶክተርነት ማዕርግ ሰጠው። ቤቱ የድኾች መጠጊያ ነበረ፤ ዐይነ ስውር ሴት፣ ችግረኛ ሐኪም፣ በጃማይካ በባርነት የተወለደው ፍራንሲስ ባርበርም አብረውት ይኖሩ ነበር። ባርበርን ትምህርት ቤት አስገብቶ አስተማረው፤ በሞተም ጊዜ ዋና ወራሹ አደረገው።

በስተርጅናው አንድ የቈየ ጸጸት አስታወሰ። በወጣትነቱ ታማሚ አባቱ በዩቶክስተር ገበያ መጽሐፍ እንዲሸጥለት በለመነው ጊዜ በትዕቢት እንቢ ብሎት ነበር። ከሃምሳ ዓመት ያህል በኋላ፣ ዝናው በአውሮፓ ሁሉ ከተሰማ ወዲያ፣ ወደዚያ ገበያ ሄዶ የአባቱ መደብ በነበረበት ስፍራ ባርኔጣውን አውልቆ በዝናብ ውስጥ ቆመ። በዲሴምበር 13 ቀን 1784 በ75 ዓመቱ ዐርፎ በዌስትሚንስተር አቢ ተቀበረ።

የጆንሰን ሥራ ለእኛ ምን ያስተምረናል? በ1770 የግሽን ምንጭ ያየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ጆንሰን በ1775 አግኝቶት ነበር፤ በነገሩም እምብዛም አልተማመነም። ይሁን እንጂ ብሩስ አንድ መልካም ሥራ ሠርቶአል፤ መኃልየ መኃልይን በአማርኛ፣ በአገውኛ፣ በጋፋትኛና በሌሎችም ቋንቋዎች አስጽፎ ወስዶ ነበር። ከዚያም በ1840ዎቹ ቻርልስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ በጎጃም ተዘዋውሮ የአገውኛና የጋፋትኛ ቃላትን ለቀመ። ቮልፍ ሌስላው የተባሉት የቋንቋ ሊቅ በ1947 ጋፋትኛ የሚናገር ሰው በብዙ ድካም ሲፈልጉ ያገኙት አራት ሰዎች ብቻ ነበር። ዛሬ ቋንቋው ጠፍቶአል፤ የቀረልን እነዚህ ሰዎች የለቀሙት ብቻ ነው። ያልተለቀመው ቃል ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀብሮአል።

የአዊ ሕዝብ ቋንቋ አውኚ ግን ሕያው ነው፤ በግእዝ ፊደል እየተጻፈ በትምህርት ቤት ይሰጣል። በአገራችንም የጆንሰንን ዐይነት ትዕግሥት ያሳዩ ሊቃውንት አልጠፉም። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሰጥተው አዘጋጁት፤ እሳቸውም ካረፉ በኋላ አቶ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። የራሳቸውንም ትልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አሳተሙ።

እንግዲህ እንግሊዝኛ የሚማረው ወጣት ደብተሩን አይጣል፤ ያማረውንም ቃል መልቀሙን አይተው። ነገር ግን ግማሹን ገጽ ለአገሩ ቃል ቢተውለት መልካም ነው። የፈረሱን ዕቃ ስም፣ የእህሉን ዐይነት፣ አያቱ የምትናገረውንና ከእሷ በኋላ የማይሰማውን ቃል ጠይቆ ይጻፍ። የማያውቀው ባጋጠመው ጊዜም እንደ ጆንሰን አላውቅም ብሎ ይጠይቅ።